የላይኛው ምክር ቤት ወንበር፦ ከመኳንንቱ ሸንጎ እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት



ጽሑፋችን ዛሬ ትንሽ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ፤ ጊዜ ያጠራችሁ ደግሞ አስቀምጣችሁ ማታ አንብቡት። ርእሱ ደረቅ ሊመስል ይችላል፤ ስለ ፓርላማ ነው፣ ያውም ብዙዎቻችን ስሙን እየሰማን ሥራውን ስለማናውቀው ምክር ቤት። ነገር ግን ይህ ቤት የኛን የውርስ ክርክር፣ የማንነት ጥያቄና የአካባቢ በጀት የሚነኩ ውሳኔዎችን ሲሰጥ ኖሯል። ስለማናውቀው ብቻ ከኛ ራሱን አላራቀም።

እስኪ በአንድ ታሪክ እንጀምር።

ወቅቱ በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። የውርስ ጉዳይ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የተከፈተባቸው ሙስሊሞች «እኛ በዚህ ፍርድ ቤት ለመዳኘት አልተስማማንም፤ ጉዳያችን በመደበኛው ፍርድ ቤት ይታይልን» ብለው ተቃወሙ። ፍርድ ቤቱ ተቃውሟቸውን አልተቀበለም፤ ጉዳዩን አይቶ ወሰነ። ይግባኝ አሉ፣ አልተሳካም። እስከ ሰበር ደረሱ፣ አሁንም አልተሳካም። በሀገሪቱ የፍርድ ቤት መሰላል ከሰበር በላይ ደረጃ የለም። ታዲያ ወዴት ሄዱ? ወደ ፓርላማ! ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት። ምክር ቤቱም በ1996 ዓ.ም የሸሪዓ ፍርድ ቤቱ ያለ ተከራካሪዎቹ ፈቃድ የሰጠውን ውሳኔ ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ጋር የሚቃረን ነው ብሎ ውድቅ አደረገው።

በውሳኔው መስማማት ወይም አለመስማማት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን። መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን ግን ይህ ነው፦ ፍርድ ቤት ያልሆነ ምክር ቤት ከሁሉም ፍርድ ቤቶች በላይ ሆኖ እንዴት ሊፈርድ ቻለ? በዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጡትስ እነማን ናቸው? ማን መረጣቸው? ለዚህ መልስ ለማግኘት ወደ ኋላ፣ ወደ 1923 ዓ.ም መመለስ አለብን።

◆ የመኳንንቱ ቤት

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት አገኘች። ረቂቁን በማዘጋጀት ስማቸው የሚነሣው ሩሲያ የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። አርአያ ተደርጎ የተወሰደው የጃፓን የ1889 (እ.ኤ.አ) ሕገ መንግሥት ነበር። ሕገ መንግሥቱ 55 አንቀጾች ነበሩት፤ ሁለት ምክር ቤቶችንም አቋቋመ፦ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤትና የሕግ መምሪያ ምክር ቤት።

ሴኔት ወይም የላይኛው ቤት የተባለው የሕግ መወሰኛው ነው። አባላቱን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። የሚሾሙትም በመስፍንነት፣ በሚኒስትርነት፣ በዳኝነት ወይም በጦር አዛዥነት ለረዥም ጊዜ ካገለገሉ መኳንንት መካከል ነው። የታችኛው ቤት ቢሆንም በሕዝብ አልተመረጠም። ሕገ መንግሥቱ ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ በማለት ምርጫውን ለጊዜው ለመኳንንቱና ለአካባቢ ሹማምንት ሰጥቶ ነበር። ያ «ለጊዜው» ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ቆየ።

የዚህ ቤት ትርጉም የሚገባን በዘመኑ የነበረውን የሥልጣን ትግል ስናይ ነው። አጼ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑት በ1923 ዓ.ም ጥቅምት ነው። በየክፍለ ሀገሩ የራሳቸው ጦር፣ የራሳቸው ግብርና የራሳቸው ችሎት ያላቸው ትልልቅ መሳፍንት ነበሩ። እነዚህን ሰዎች አዲስ አበባ ላይ የክብር ወንበር ሰጥቶ ማስቀመጥ ሁለት ነገር ያስገኛል፦ ክብራቸው አይነካም፣ ከግዛታቸውና ከጦራቸው ግን ይርቃሉ። በርካታ የታሪክ ጸሐፊዎች የመጀመሪያውን የሕግ መወሰኛ የሚያዩት እንዲህ ነው፤ መኳንንቱን ማክበሪያም መያዣም እንደሆነ ቤት።

ፓርላማው ሥራ የጀመረበትን 1924 ዓ.ም ልብ በሉልን። በዚያው ዓመት የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ከሥልጣናቸው ወረዱ። በዚያው ዓመት የጅማ ራስ ገዝነት አበቃ። ጅማ በአባ ጅፋር ዘመን ለማዕከላዊው መንግሥት እየገበረች፣ የውስጥ አስተዳደሯን ግን በራሷ እየመራች የኖረች የሙስሊም መንግሥት ነበረች። ይህ መብት ለአሥርተ ዓመታት የቆየው በአባ ጅፋርና በአጼ ምኒልክ መካከል በተደረገ ስምምነት ነው። በ1924 ግን ግዛቲቱ በቀጥታ ከአዲስ አበባ በሚላክ ሹም ሥር ገባች።

እንግዲህ አንድ ላይ እንያቸው፦ በአንድ በኩል አዲስ ምክር ቤት ይከፈታል፣ በሌላ በኩል የየአካባቢው ራስ ገዝነት ይዘጋል። የሕግ መወሰኛው አካባቢዎች የሚወከሉበት ቤት ቢሆን ኖሮ የጅማ ጉዳይ እዚያ ይነሣ ነበር። ቤቱ ግን የንጉሡ ተሿሚዎች ቤት ነበር፤ ሿሚያቸውን ሊሞግቱ የተቀመጡ አልነበሩም።

◆ የ1948ቱ ማሻሻያ፦ ታችኛው ተመረጠ፣ ላይኛው ተሾመ

የጣሊያን ወረራ ፓርላማውን አቋረጠው። ከነጻነት በኋላ እንደገና ተሰበሰበ። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን የዘውዱ 25ኛ ዓመት ሲከበር፣ ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም በታወጀው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው።

በዚህ ሕገ መንግሥት የታችኛው ቤት በሕዝብ ድምፅ እንዲመረጥ ተደረገ። ሴቶችም ጭምር መረጡ። ለእጩነት ግን የተወሰነ ንብረት ያስፈልግ ነበር፤ ምንም የሌለው ጭሰኛ ሊመርጥ እንጂ ሊመረጥ አይችልም። የላይኛው ቤት ደግሞ እንደ ቀድሞው በንጉሠ ነገሥቱ መሾሙን ቀጠለ። የዘመኑ ደንብ ይህን ይመስል ነበር፦

▪ የሴናተሮቹ ቁጥር ከታችኛው ቤት አባላት ቁጥር ግማሽ ሊበልጥ አይችልም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የታችኛው ቤት አባላት 250 ስለነበሩ የሴናተሮቹ ጣሪያ 125 ነበር።
▪ የአንድ ሴናተር ዘመን ስድስት ዓመት ነው፤ ከየሁለት ዓመቱ ሲሶው ይቀየራል።
▪ ዕድሜው 35 የሞላ፣ መስፍን ወይም ባለማዕረግ፣ ከፍተኛ ባለሥልጣን የነበረ ወይም በጠባዩና በአገልግሎቱ የተከበረ ሰው መሆን አለበት።

በወረቀት ላይ ጥሩ ይመስላል። «የተከበረ ሰው» የሚለውን ማን ይጠላል? በኛም ባህል ሽማግሌ ሳይኖር ሸንጎ አይሞላም፤ ሹራም ቢሆን የሚያውቅና የበሰለ ሰው ይሻል። ጥያቄው «ማን ነው የተከበረ ያለው?» የሚለው ነው። አንድ ሰው ብቻ ሲመዝን ሚዛኑ የዚያ ሰው ይሆናል።

ቤቱ የሚፈተነው ደግሞ ከባድ ሕግ ሲመጣ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሀገሪቱ ትልቁ ጥያቄ መሬት ነበር። በአርሲ፣ በባሌ፣ በሐረርጌ፣ በከፋና በሌሎችም የደቡብ አካባቢዎች ብዙ ሕዝብ፣ ከመካከሉም እጅግ ብዙ ሙስሊም ገበሬ፣ የሚያርሰው የሰው መሬት ነበር። ከምርቱ ሲሶ፣ አንዳንድ ቦታም እኩሌታ ለባለመሬቱ ይሰጣል። ባለመሬቱ ሲፈልግ ሊያስለቅቀው ይችላል። ይህን ግንኙነት በሕግ ለመወሰን የተዘጋጀ ረቂቅ ለፓርላማ ቀረበ። ረቂቁ የመሬት ባለቤትነትን የሚቀይር አልነበረም፤ ለጭሰኛው መጠነኛ ዋስትና የሚሰጥ ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን አለፈ አልተባለም። በምክር ቤቶቹ ውስጥ ጥቅማቸው ከመሬት ጋር የተሳሰረ ብዙ ሰዎች ስለነበሩ ሲንከባለል ሲንከባለል አብዮቱ ደረሰበት።

ከዚህ የምንማረው ቀላል ነው። መጠነኛውን ማሻሻያ ያሳለፈ ፓርላማ ቢኖር ኖሮ ምናልባት ሀገሪቱ በሌላ መንገድ ትሄድ ነበር። ማሻሻያው በር ላይ ሲቀር ግን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት ሁሉ በአንድ አዋጅ የሕዝብ ሆነ። በዚያ ጊዜ የሚቃወም ምክር ቤትም አልነበረም።

◆ በአደባባይ የተጠየቀው ጥያቄ

የዚያን ዘመን የሙስሊሙን ሁኔታ ሳናነሣ ብናልፍ ታሪኩ ጎዶሎ ይሆናል። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ደነገገ። በአንቀጽ 40 ደግሞ የማንም ሃይማኖት ሥርዓት እንዳይከለከል ይላል። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም ከ1936ቱ አዋጅ ጀምሮ በሕግ የታወቁ ነበሩ። ስለዚህ ሙስሊሙ ፈጽሞ ተከልክሏል ማለት አይቻልም፤ እኩል ነው ማለት ግን ከዚያ በላይ አይቻልም። በዓላቱ የሀገር በዓል አልነበሩም። አጠራሩም «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ነበር፤ ልክ ከሌላ ቦታ መጥተው እንዳረፉ።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም አዲስ አበባ ያየችው ታላቅ ሰልፍ ይህን ሁሉ በ13 ጥያቄዎች አቀረበ። ሙስሊሙ ወጣ፣ ክርስቲያን ወንድሞችና እህቶችም አብረውት ወጡ። አባቶቻችን ስለዚያ ቀን ሲያወሩ አሁንም ዓይናቸው ይበራል።

ለዛሬው ርእሳችን ግን አንድ ነገር እናስተውል። ያ ሁሉ ጥያቄ ወደ አደባባይ የወጣው ለምንድን ነው? ሁለት ምክር ቤት ባለበት ሀገር፣ አንደኛው ደግሞ «የተከበሩ ሰዎች» ቤት ሆኖ ሳለ፣ የዚህን ያህል ሕዝብ ጥያቄ በውስጡ ቀስ ብሎ ሊያልፍና ሊፈታ አልቻለም። የላይኛው ቤት ዋናው ሥራ ይህ መሆን ነበረበት፤ በቁጥር ብልጫ ወይም በሥልጣን ብልጫ የተዋጠን ድምፅ መስማት። ሳይሰማ ሲቀር ድምፁ መንገድ ላይ ይሰማል።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም፣ ደርግ ንጉሡን አወረደ፤ ሁለቱንም ምክር ቤቶች በትነ፤ ሕገ መንግሥቱንም አገደ። ኅዳር 14 ቀን ደግሞ ያለ ፍርድ ከተገደሉት ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣናት መካከል የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ፕሬዚዳንት የነበሩት ሌተና ጄኔራል ዐቢይ አበበ ይገኙበታል። የመኳንንቱ ቤት ታሪክ በዚህ መልኩ በደም ተዘጋ። ደርግ ሦስቱን የሙስሊም በዓላት የሀገር በዓል አደረገ፤ ይህ የሚካድ አይደለም። ፓርላማ ግን ለአሥራ ሦስት ዓመት ያህል አልነበረም። በ1979 ዓ.ም የመጣው ብሔራዊ ሸንጎም 835 መቀመጫ ያለው አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ ላይኛ የሚባል የለውም።

◆ አዲሱ ቤት፦ ሕግ የማያወጣ፣ ሕገ መንግሥት የሚተረጉም

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም የጸደቀውና ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት የላይኛውን ቤት በሌላ ስምና በሌላ መሠረት መለሰው። ስሙ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ተባለ። ቀድሞ የመኳንንት ቤት የነበረው አሁን የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቤት ሆነ። እያንዳንዱ ብሔር ወይም ብሔረሰብ ቢያንስ አንድ ወኪል ይኖረዋል፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ተጨማሪ ወኪል ይጨመርለታል።

ይህ ደንብ ለትንንሽ ሕዝቦች ትልቅ ነገር ነው። ሐረሪ፣ አርጎባና ሌሎችም ቁጥራቸው ጥቂት የሆነ ሕዝቦች በሀገር ደረጃ ስማቸው የሚጠራበት ወንበር አገኙ። አፋሩም፣ ሱማሌውም፣ በርታውም፣ ስልጤውም፣ አላባውም በዚህ በኩል ገባ። ሙስሊሙ በንጉሥ ፈቃድ ሳይሆን በሕዝቡ ስም የሚቀመጥበት የላይኛው ቤት ሲኖር ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሥራውን ስናይ ግን በሌላው ዓለም ካሉት የላይኛ ቤቶች ይለያል። ሕግ አያወጣም። ሕግ የማውጣት ሥልጣን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሥራ በዋናነት የሚከተለው ነው፦

▪ ሕገ መንግሥቱን መተርጎም፤
▪ የብሔሮችን የራስን ዕድል በራስ የመወሰን ጥያቄ መወሰን፤
▪ በክልሎች መካከል የሚነሣ አለመግባባትን መፍታት፤ የወሰን ክርክር ካልተስማሙ በሁለት ዓመት ውስጥ ውሳኔ መስጠት፤
▪ የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠውን ድጎማና የጋራ ገቢዎችን ማከፋፈያ መወሰን፤
▪ አንድ ክልል ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን አደጋ ላይ ከጣለ የፌዴራል መንግሥት ጣልቃ እንዲገባ ማዘዝ።

እንግዲህ በመግቢያችን ያነሣናቸው ተከራካሪዎች ከሰበር በኋላ ወደዚህ ቤት የሄዱት በመጀመሪያው ሥልጣን ምክንያት ነው። አቤቱታው መጀመሪያ የሚታየው በሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባዔ ነው። ጉባዔው 11 አባላት አሉት፦ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ስድስት የሕግ ባለሙያዎችና ከፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚወከሉ ሦስት ሰዎች። ጉባዔው ያጣራል፣ ሐሳብ ያቀርባል። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ግን ምክር ቤቱ ነው።

ስለ 1996ቱ ውሳኔ በሰፈራችን ሁለት ዓይነት ወሬ ስንሰማ ኖረናል። አንዱ «ሸሪዓችንን አዳከሙት» ይላል። ሌላው «ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሥልጣን የለውም ተባለ» ይላል። ሁለቱም ውሳኔውን በትክክል አይገልጹትም። የሸሪዓ ፍርድ ቤት ሕጋዊነት አልተነካም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 እና በአዋጅ 188/1992 እንደታወቀ ነው። የተወሰነው፣ ማንም ሰው ሳይፈቅድ ወደዚያ አይጎተትም የሚል ነው። እኛም እንዲህ እናስባለን፦ በራሱ ፈቃድ የመጣ ሰው የሚዳኝበት ችሎት ክብሩ ይበልጣል። ቃዲዎቻችን በርካታ ባለጉዳይ የሚያገኙት በግዴታ ሳይሆን በታመኑ ቁጥር ነው። ከዚህ የተለየ ሐሳብ ያላችሁ ወንድምና እህቶች ሐሳባችሁን እናከብራለን፤ ቢያንስ ግን የተወሰነውን ባልተወሰነው አንለውጠው።

◆ የስልጤ ጉዳይ፦ ቤቱ ሲሠራ

ምክር ቤቱ ሥራውን እንደ ሥራ ከሠራባቸው ጉዳዮች አንዱ የስልጤ ሕዝብ ጥያቄ ነው። የስልጤ ሕዝብ በአብዛኛው ሙስሊም ሲሆን ቋንቋው ከሐረሪና ከዛይ ጋር የሚቀራረብ ነው። በአስተዳደር ግን በጉራጌ ውስጥ ተቆጥሮ ነበር። «እኛ ጉራጌ ሳንሆን ስልጤ ነን» የሚለው ጥያቄ ለዓመታት ተነሣ። መጀመሪያ ጉዳዩ በተወካዮች ጉባዔ እንዲታይ ተደረገ፤ በዚያ ጉባዔ ብልጫ የነበረው ግን ጥያቄውን የማይደግፈው ወገን ነው። ስልጤዎች አልተቀበሉትም። «ማንነታችንን ሌላው እንዴት በድምፅ ይወስንልናል?» አሉ።

ጉዳዩ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት መጣ። የመጣው መልስ ዛሬም ቢሆን ጥሩ ነበር የምንለው ነው፦ ጥያቄውን መወሰን ያለበት ጠያቂው ሕዝብ ራሱ ነው። በ1993 ዓ.ም በስልጤ ቀበሌዎች ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ፤ እጅግ አብዛኛው ስልጤ ስልጤ ነው አለ። ዞን ተቋቋመ፣ ወራቤም ዋና ከተማው ሆነች። ደም ሳይፈስስ፣ በወረቀትና በሣጥን። ዛሬ ስልጤና ጉራጌ በአንድ ክልል፣ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል፣ ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ።

ከዚያ በኋላ ሲዳማ በኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም ሕዝበ ውሳኔ አሥረኛው ክልል ሆነ። ደቡብ ምዕራብ ተከተለ። ደቡብ የነበረውም ለሁለት ተከፍሎ ዛሬ 12 ክልሎች አሉ። መንገዱን ካሳዩት ቀደምት ጉዳዮች አንዱ ያ የስልጤ ጉዳይ ነበር።

◆ ቤቱ ሲቸገር

ሁሉም ነገር እንዲህ አልሄደም። በ2012 ዓ.ም በኮሮና ምክንያት ምርጫ ሲተላለፍ «የመንግሥት ዘመን ሲያልቅ ምን ይሆናል?» የሚለው ጥያቄ ለትርጉም ወደዚህ ቤት ተላከ። ሰኔ 1 ቀን የምክር ቤቱ አፈ ጉባዔ ኬሪያ ኢብራሂም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ሰኔ 3 ቀን ምክር ቤቱ በ114 ድጋፍ፣ በ4 ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተዐቅቦ የምክር ቤቶቹንና የአስፈጻሚውን ዘመን አራዘመ። ትግራይ የራሷን ምርጫ አካሄደች፤ ምክር ቤቱ ምርጫውን ዋጋ የለውም አለ። ከዚያ የመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የሞቱትን አላህ ይማራቸው፣ የቀሩትን ያጽናናቸው።

ማን ትክክል ነበር የሚለውን እዚህ አንከራከርም። ከተቋሙ አንጻር ግን አንድ ችግር ወለል ብሎ ታይቷል። የራሱ ዘመን ሊያልቅ የተቃረበ ምክር ቤት ስለ ራሱ ዘመን መራዘም ፈረደ። ተከራካሪም ዳኛም ሲሆን፣ ውሳኔው ትክክል ቢሆን እንኳ የተሸነፈው ወገን አምኖ አይቀበለውም። በፍርድ ላይ ትልቁ ሀብት መታመን ነው።

◆ ምን ይሻሻል?

ስለዚህ ቤት ማሻሻያ የሚነሡ ሐሳቦች ብዙ ናቸው፤ ሦስቱን እናንሣ።

አንደኛ፣ አመራረጡ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 61 የክልል ምክር ቤቶች አባላቱን ራሳቸው እንዲመርጡ ወይም ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ ሁለት በር ከፍቷል። በተግባር ሲሠራበት የኖረው የመጀመሪያው በር ነው። የክልል ሹማምንት በዚያው ወንበር ሲቀመጡም አይተናል። አሜሪካ ሴናተሮቿን በግዛት ምክር ቤቶች ስታስመርጥ ኖራ በ1913 (እ.ኤ.አ) ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ ለሕዝቡ ሰጠች። ለኛ ግን ሕገ መንግሥት ማሻሻል እንኳ አያስፈልግም፤ በሩ ተከፍቶ የሚገባበት ነው ያጣው። እንግሊዝን ብናይ፣ በዘር ውርስ የሚቀመጡትን አብዛኞቹን ጌቶች ከላይኛው ቤቷ ለማስወጣት እስከ 1999 (እ.ኤ.አ) ፈጅቶባታል፤ ያኔም 92ቱን አስቀርታለች። ወንበር ላይ የተቀመጠን ሰው ማንሣት በየትም ሀገር ይዘገያል።

ሁለተኛ፣ ዳኝነቱ። ሕገ መንግሥት መተርጎም ለራሱ ለቆመ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ይሰጥ የሚሉ ምሁራን አሉ። «ሕገ መንግሥቱ የሕዝቦች ቃል ኪዳን ስለሆነ ተርጓሚዎቹም የሕዝቦቹ ወኪሎች መሆን አለባቸው» የሚሉም አሉ። ሁለቱም ወገን የሚናቅ አይደለም። መሃከለኛ መንገድም ይታሰባል፤ የማንነትና የወሰን ጉዳይ ለምክር ቤቱ ይቆይ፣ የግለሰብ መብት ክርክር ግን ለባለሙያ ዳኞች ይሰጥ የሚል። እኛ ወደዚህኛው እናደላለን። የአንዲት እናት የውርስ አቤቱታና የአንድ ክልል የወሰን ክርክር በአንድ ሚዛን አይመዘኑም።

ሦስተኛ፣ የተረሱት። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ክልል ስላልሆኑ ወደዚህ ቤት ወኪል የሚልክ የክልል ምክር ቤት የላቸውም። መርካቶ ተወልዶ ያደገው፣ አባቱ ከወሎ እናቱ ከጅማ የሆነው ልጅ ወኪሉ ማን ነው? በአንዱ ወላጁ ብሔር በኩል ካልሆነ በቀር የለም። በሐረር ያለውን ዝግጅት ብናይ ሌላ መንገድ ማሰብ እንደሚቻል ያሳያል። የሐረሪ ክልል ምክር ቤት 36 መቀመጫ አለው፤ 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባዔ ሲሆኑ ከክልሉ ውጭ የሚኖር ሐረሪም ለዚህ ጉባዔ ይመርጣል። ፍጹም ነው አንልም፤ በዚያው ክልል የሚኖሩ ሌሎች ሕዝቦች ቅሬታ የሚያነሡበትም ነው። ሰው ሲፈልግ ግን ያልታሰበ ወንበር መሥራት እንደሚችል ምስክር ነው።

አንዳንድ ተከታታዮቻችን «ታዲያ ለሙስሊሙ የተለየ ወንበር ይሰጠን ለምን አንልም?» ብላችሁ ትጠይቁናላችሁ። እኛ አይመስለንም። መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው የሚለው አንቀጽ 11 በ1966ቱ ሰልፍ ላይ ከተጠየቀው እኩልነት ጋር የተያያዘ ነው። ዛሬ ለራሳችን ስንል ብንሸረሽረው ነገ የሚሸረሸረው በኛው ላይ ነው። የሚያስፈልገን በየብሔራችንና በየአካባቢያችን የሚቀመጡትን ሰዎች ማወቅ፣ መጠየቅና መከታተል ነው።

እስኪ ራሳችንን እንፈትሽ። ከናንተ መካከል በፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚወክለውን ሰው ስም የሚያውቅ ስንቱ ነው? እኛ ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ እርስ በርስ ተጠያይቀን ነበር፤ በእጅ ጣት የምንቆጠረው ሰዎች አንዳችንም መመለስ አልቻልንም። አፍረናል። አያቶቻችን በንጉሡ ዘመን ወኪላቸውን ባያውቁ አይፈረድባቸውም፤ መራጩ ሌላ ነበር። እኛ ግን በስማችን የተቀመጠውን ሰው ሳናውቅ ስለ በጀታችን፣ ስለ ወሰናችንና ስለ ፍርዳችን ሲወሰን በዜና እንሰማለን።

ከአያቶቻችን የተቀበልነው ያ ሰልፍ በአደባባይ መጠየቅን አስተምሮናል። የቀረን በአዳራሽ ውስጥ መጠየቅን መማር ነው። በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን የምንኖርበት ክልል ምክር ቤት ወደዚያ ቤት ማንን እንደላከ እንጠይቅ፤ ያገኛችሁትን በአስተያየት መስጫው ላይ አካፍሉን።

ወላሁ አዕለም። አላህ ለሀገራችን ሰላሙን፣ ለወኪሎቻችንም ፍትሑን ይስጥልን። ጽሑፉ ከጠቀማችሁ ለሌሎችም አድርሱት።